የተሰረዘ ሳቅ

አሥራ ሁለት ሰው ነው የሳቀው። አሥራ ሁለተኛዋ እኔ ነኝ። በዚያ ጠዋት ቢሮዬ ገብቼ ቦርሳዬን እንኳ ከትከሻዬ ሳላወርድ ስልኬን ከፈትኩ፣ መልእክቱን አነበብኩ፣ ብቻዬን ጮክ ብዬ ሳቅሁ፤ ከዚያም እንባዋ እስኪፈስ የምትስቀዋን ቢጫ ፊት ከሥሩ አስቀመጥኩ። ሰዓቱ ሁለት ተኩል ገደማ ነበር።

የምሠራው በአንድ ትልቅ ሆስፒታል የአስተዳደር ቢሮ ውስጥ ነው። ጸሐፊ ነኝ። ደብዳቤ እጽፋለሁ፣ የፈረቃ ዝርዝር እልካለሁ፣ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ሲሰበሰብ ቃለ ጉባኤ እይዛለሁ። የልብስ ማጠቢያ ክፍሉ የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ የገባሁትም በዚሁ በፈረቃ ዝርዝር ሰበብ ነው። ሠላሳ ያህል ሰው አለበት፤ አንሶላ የሚያጥቡ፣ ጋዋን የሚተኩሱ፣ ጋሪ የሚገፉ፣ የክፍሉ ኃላፊ፣ ማሽኖቹን የሚጠግነው ጋሽ ብሎን። ለሥራ የተከፈተ ግሩፕ ነው ይባላል። ግማሹ የአበባ ፎቶና መልካም ቀን ነው።

ጋሽ ብሎን ያልነው ከኪሱ ብሎን ስለማይጠፋ ነው። ጡረታ ሊወጣ ሁለት ዓመት የቀረው፣ ረጅም፣ ፊቱ የማይፈታ ሰው ነው። የሚቀልደውም በዚያው ባልተፈታ ፊቱ ነው። ሞተር ተቃጥሎ ሲጨስ ያየዋል፣ ያየዋል፣ ከዚያ ጭንቅላቱን ዘንበል አድርጎ "በጣም ደህና ነው" ይላል። ጉልበትህ እንዴት ሆነ ሲሉት "በጣም ደህና ነው፤ ደረጃ ብቻ ነው የሚጠላው" ይላል። አንድ ጊዜ ሊፍቱ ሰዎች እንደያዘ በሁለት ፎቅ መሃል ቆመ። እሱ ከታች ሆኖ አንጋጦ "በጣም ደህና ነው! እዚያው ይቀጥሉ!" ብሎ ጮኸላቸው። ውስጥ ሆና ስታለቅስ የነበረች አንዲት ነርስ ሳቋ መጥቶ ለቅሶዋን ረሳችው። ከእሱ ጋር የቆየ ሰው ሁሉ ነገሩን ያውቀዋል። ጋሽ ብሎን "ተበላሽቷል" ካለ ተስፋ አለው፤ "ደህና ነው" ካለ ግን እግርህን አንሣ ነው።

አደጋው በደረሰበት ቀን ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ፎቶ ላከ። የሁለት ቁጥሩ ካውያ የእንፋሎት ቧንቧ መጋጠሚያ ነው። ካውያ ስል የቤቱን እንዳይመስላችሁ፤ አንሶላን በሙሉ ስፋቱ በሁለት የጋሉ ሳህኖች መሃል አስገብቶ የሚጫን፣ በእንፋሎት የሚሠራ ትልቅ ማሽን ነው። ከፎቶው ሥር "መጋጠሚያው እንፋሎት ያወጣል። ጎማው እስኪቀየር ይቁም" ብሎ ጻፈ። የክፍሉ ኃላፊ ደቂቃም አልቆየ፤ "የቀዶ ጥገና ክፍል አንሶላ እየጠበቀ ነው። አይቆምም" ብሎ መለሰለት። ከዚያ አርባ ደቂቃ ጸጥ አለ። ከአርባ ደቂቃ በኋላ ጋሽ ብሎን እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ "ሁለት ቁጥር በጣም ደህና ነው። ይቀጥል። ምንም አይሆንም።"

ሳቁ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ቢጫዎቹ ፊቶች አንድ፣ ሁለት፣ አምስት እያሉ አሥራ ሁለት ደረሱ። ከነሱ ጎን አንድ ወደ ላይ የቆመ አውራ ጣት ነበር። እሱን ያስቀመጠችው አዲሷ ልጅ ናት። ሥራ ከጀመረች ሦስተኛ ሳምንቷ ነበር።

አራት ሰዓት ላይ መጋጠሚያው ተነቀለ። ሁለት ቁጥር ላይ የነበረችው እሷ ናት፤ እንፋሎቱ ቀኝ እጇን ከጣቶቿ እስከ ክርኗ አገኛት። አደጋው እዚያው ሆስፒታል ውስጥ መሆኑ በጃት፤ ሐኪም ጋ ለመድረስ አምስት ደቂቃ አልፈጀም። እጇ ተርፏል። ጣቶቿ ግን እንደ ድሮው አይታጠፉም አሉ።

ወሬው ቢሮዬ ሲደርስ መጀመሪያ ያደረግኩትን ልናገር። ወደ ልጅቷ አልሮጥኩም። ስልኬን አወጣሁና ያችን ቢጫ ፊት ነካኋት፤ ጠፋች። እኔ ስነካ ሰባት ቀርተው ነበር። ትንሽ ቆይቼ ሳይ አራት፣ ከዚያ ሁለት። ማንም ለማንም "እናጥፋ" አላለም። ሁሉም በየተቀመጠበት አፍሮ የየራሱን አነሳ። ጥርስ ባዳ ነው፤ ያለቦታው ይስቃል። እኛም ያለቦታው የሳቀውን ጥርሳችንን ከደንን፤ እንደ ጨዋ ሰው ያደረግን መስሎን። ምሳ ሰዓት ላይ ከመልእክቱ ሥር የቀረው የልጅቷ አውራ ጣት ብቻ ነበር። እሷ የምታነሳበት እጅ አልነበራትም።

ኮሚቴው የተሰበሰበው ከአሥራ ስምንት ቀን በኋላ ነው። ክሱን ያቀረበው የክፍሉ ኃላፊ ነው። "የጥገና ባለሙያው ማሽኑን መርምሮ ደህና መሆኑን በጽሑፍ አረጋግጧል" ይላል ክሱ። ይህ ከጸና ጋሽ ብሎን ከሠላሳ አንድ ዓመት አገልግሎት በኋላ ይባረራል፤ ጉዳዩም በቸልተኝነት አካል በማጉደል ወደ ፍርድ ቤት ይመራል። ይህን ክስ የተየብኩት እኔ ነኝ። እየተየብኩም እውነት አለመሆኑን አውቅ ነበር፤ አውቄ ግን ነጥቡን፣ ሰረዙን እያስተካከልኩ ጨረስኩ። ጸሐፊ የተባለ ፍጥረት እንዲህ ነው፤ ቤት እየተቃጠለም ፊደል ይለቅማል።

ኮሚቴያችን አንድ የቆየ ደንብ አለው። ማንኛውም ወረቀት ጮክ ተብሎ ሳይነበብ ማስረጃ አይሆንም፤ ቃለ ጉባኤም ቃሉን የሰጠ ሰው ሁሉ ባለበት ሳይነበብ አይፈረምም። በዓይን ያለፈ በጆሮም ይለፍ ነው ነገሩ። አንባቢዋ እኔ ነኝ። በሃያ ሁለት ዓመት ያላነበብኩት ነገር የለም። የስድብ ደብዳቤ አንብቤአለሁ፣ የፍቅር ደብዳቤ አንብቤአለሁ፣ አንዱ ሐኪም ስለ ሌላው የጻፈውን አንብቤ ራሴ ቀልቻለሁ። ሁሉንም የማነበው ጨው በሌለው አንድ ድምፅ ነው። አድልታለች እንዳልባል ያወጣሁት ድምፅ ነው፤ እኮራበትም ነበር።

ሰብሳቢው የመድኃኒት ክፍሉ ኃላፊ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ እሽግ ላይ የተጻፈውን አምነው የኖሩ ሰው ናቸው። ከጎናቸው አንዲት አንጋፋ ነርስና አንድ የሠራተኞች ተወካይ ተቀምጠዋል። ወንበሮቹ አንዱ ከአንዱ አይገጥሙም፤ መስተዋቱ የተሰነጠቀው ግድግዳ ሰዓት ከነስንጥቁ ይሠራል። የማጠቢያ ክፍሉ ኃላፊ የግሩፑን ገጽ በስልኩ ፎቶ አንስቶ በትልቅ ወረቀት አሳትሞት መጥቷል። ፎቶው የተነሳው ከሰዓት በኋላ ነው፤ መልእክቱ አለ፣ አውራ ጣቱ አለ፣ ሌላ ምንም የለም።

"አንብቢልን" አሉኝ ሰብሳቢው።

አነበብኩ። "ሁለት ቁጥር በጣም ደህና ነው። ይቀጥል። ምንም አይሆንም።" በዚያ ድምፄ ሲነበብ ከምስክር ወረቀት ማኅተም ብቻ ነበር የጎደለው።

ሰብሳቢው መነጽራቸውን አውልቀው ጋሽ ብሎንን አዩት። "ይህን አንተ ነህ የጻፍከው?"

"እኔ ነኝ።"

"ታዲያ ምን ትላለህ?"

"ሽሙጥ ነበር" አለ ጋሽ ብሎን። "የምሬን ጠዋቱኑ ጽፌዋለሁ። ይቁም ብያለሁ። አይቆምም ተባልኩ። ጎማ ፍለጋ መጋዘን ሄድኩ፣ የለም አሉኝ። ስመለስ ማሽኑ እየጋለ ነው። ተናደድኩና ጻፍኩ።"

"ሰው በንዴት 'በጣም ደህና ነው' ይላል እንዴ?" አለ ኃላፊው። "አርባ ደቂቃ ነው የቆየው። እኔማ ሄዶ አይቶ፣ አጥብቆ፣ አስተካክሎ የጻፈ ነው የመሰለኝ። እኔ የማሽን ሰው አይደለሁም። ባለሙያው ደህና ነው ካለኝ ምን ልበል?"

ሰብሳቢው ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ አነሱት። "ሠላሳ ሰው ያለበት ግሩፕ ነው። ቀልድ ቢሆን አንድ ሰው እንኳ ይስቅ ነበር። ማንም አልሳቀም። እንዲያውም አንዷ እሺ ብላለች።"

"ስቀው ነበር" አለ ጋሽ ብሎን።

"እነማን?"

የሳቀው ሰው ስም ከቢጫው ፊት ጋር ይታያል፤ ስለዚህ አሥራ ሁለታችንንም ያውቀናል። ቀና ብሎ አየኝ። እኔ እስክሪብቶዬን አየሁ።

"አላስታውስም" አለ።

እንደማያስታውስ ጻፍኩ።

ቀጥላ የገባችው የማጠቢያ ክፍሉ የፈረቃ መሪ ናት፤ ሃያ ዓመት ከማሽኖቹ ጋር የኖረች፣ አፏ የማያርፍ ሴት። ሰብሳቢው መልእክቱን ስታነብ ቀልድ መስሏት እንደሆነ ጠየቋት። "እኔ እንኳን ስልክ ብዙም አላይ" አለች። በየማለዳው ለሠላሳ ሰው አበባ የምትልክ እሷ ናት! ልስቅባት አልቻልኩም፤ እኔስ ምን አልኩና።

ልጅቷ የታሰረ እጇን በሌላው እጇ ደግፋ ገባች። እንድትቀመጥ ወንበር የሳበላት ጋሽ ብሎን ነው። ፊቷን አላየም፤ እሷም የሚያስቀምጣት ማን እንደሆነ ያወቀች አይመስለኝም።

"መልእክቱን ስታነቢ ምን ተረዳሽ?" አሏት ሰብሳቢው።

"ማሽኑ ደህና ነው የሚል ነዋ።"

"የሚቀልድ አልመሰለሽም?"

"እኔ እሳቸው ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም" አለች። "ድምፃቸውን አላውቀው። በራሴ ድምፅ ነው ያነበብኩት።"

ይህን ጻፍኩ። እውነቷን ነው። እኛ አሥራ ሁለታችን ጽሑፉን አላነበብነውም፤ ጋሽ ብሎንን ነው የሰማነው። ዘንበል ያለ ጭንቅላቱን፣ "በጣም"ን ሲጎትታት፣ ከ"ደህና" በፊት የሚያሳርፋትን ትንሽ ዝምታ። ከነዚህ አንዱም ወረቀት ላይ አልነበረም። ጽሑፍ ፊት የለውም፤ ፊቱን የምንሰጠው የምናውቀው ሰዎች ነን። የማያውቅ ሰው ባዶውን ፊደል ይዞ ይሄዳል፤ እሷም እሱኑ ይዛ ሥራዋን ጀመረች።

ሁሉም ወጡና ኮሚቴው መከረ። ብዙም አልቆዩም። ነርሷ ብቻ "እኔ ይህን ሰው አውቀዋለሁ፣ እንዲህ ብሎ አይጽፍም" ብላ ነበር። ሰብሳቢው "ማወቅ ማስረጃ አይደለም" አሏት፤ ትክክል ናቸው። ባለሙያው በጽሑፍ ማረጋገጡ ስለታመነ ከሥራ እንዲሰናበትና ጉዳዩ ወደ ሕግ እንዲመራ ተወሰነ። ተየብኩት። ሦስት ገጽ ወጣው። ከዚያ በደንቡ መሠረት ሁሉም ተመልሰው ገቡና ቆሜ ማንበብ ጀመርኩ።

የመጀመሪያውን ገጽ በዚያው ድምፄ አለፍኩት። ሁለተኛው ገጽ መሃል ላይ መልእክቱ መጣ። "ሁለት ቁጥር" ብዬ ቆምኩ። ጋሽ ብሎን በመስኮት ወደ ውጭ ያያል። ለራሱ እንኳ የሚከራከር አይመስልም። የፈራሁት ኃላፊውን አልነበረም፣ ሰብሳቢውንም አልነበረም። ያችን ልጅ ነው የፈራሁት። እሷ እጇን ታቅፋ ባለችበት "እኔ ስቄአለሁ" ማለት አቃተኝ። ግን ደግሞ አንድን ሰው በዚህ በማይረባ ድምፄ ልቀብረው ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ይላሉ፤ አንዱ ተቃጥሏል፣ ሁለተኛው እንዳይቃጠል የማደርገው ቅጠል በእኔ እጅ ነበር።

"ክቡር ሰብሳቢ" አልኩ። "ይህችን ቅድም በትክክል አላነበብኳትም።"

"ፊደል ዘለልሽ?"

"ፊደሉስ ልክ ነው።"

ጭንቅላቴን ዘንበል አደረግኩ። ፊቴን አጠፋሁት። "ሁለት ቁጥር" አልኩ፤ "በ...ጣም" ብዬ ጎተትኩ፤ ትንሽ ዝም አልኩና "ደህና ነው። ይቀጥል። ምንም አይሆንም" ብዬ ጨረስኩ።

ነርሷ እጇ አፏ ላይ ሳይደርስ ሳቋ አመለጣት። የፈረቃ መሪዋ ትከሻ ተንቀጠቀጠ። የሠራተኞች ተወካዩ ጠረጴዛው ላይ አቀረቀረ። ሰብሳቢው ራሳቸው ከንፈራቸውን ነከሱ።

"እንዲህ ነው የሚነበበው" አልኩ። "በዚያ ጠዋት እኔ እንዲህ ነው ያነበብኩት። ስቄ ነበር። አሥራ ሁለት ነበርን። አደጋውን ስንሰማ አፈርንና ሁላችንም ሳቃችንን አነሳነው። አሁን ያ ወረቀት የሚያሳየው ያነሳነውን ሳይሆን የቀረውን ነው።"

"ይሄ ቲያትር ነው!" አለ ኃላፊው። "ጽሑፍ እኮ ጽሑፍ ነው!"

ሰብሳቢው አልመለሱለትም። ወደ ፈረቃ መሪዋ ዞሩ። "አንቺስ?"

አፏ የማያርፈው ሴት የልጅቷን የታሰረ እጅ አየች። "አምስተኛዋ እኔ ነኝ" አለች በመጨረሻ። "ስልኬንም አያለሁ።"

ሰብሳቢው ሦስቱንም ገጽ ከእጄ ተቀብለው ውሳኔውን በሰያፍ ሰረዙት። ባለሙያው ማሽኑ ይቁም ማለቱ፣ ኃላፊው አይቆምም ማለቱ እንዲመዘገብ፣ ምርመራውም ትእዛዙን በሰጠው በኃላፊው ላይ እንዲጀመር አዘዙ። ኃላፊው ወረቀቱን ሰብስቦ ተነሳ፤ ገና መፈረም አለብህ ሲባል ተመልሶ ተቀመጠ።

ጋሽ ብሎን ግን ደስ ያለው ሰው አይመስልም ነበር። ብድግ ብሎ በልጅቷ ፊት ቆመ።

"ልጄ፣ እነዚህ ሰዎች ሳቁን መልሰውልኛል፤ እግዜር ይስጣቸው" አለ። "አንቺን ግን ልንገርሽ። የእንፋሎቱ ቁልፍ በኪሴ ነበር። ዘግቼው መሄድ እችል ነበር። ባለፈው ወር ስዘጋ ማስጠንቀቂያ ተጻፈብኝና አኮረፍኩ። ዘግቼ በመሄድ ፈንታ ቀለድኩ። በእንፋሎት አይቀለድም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቼ ይህ አልጠፋኝም። ይቅር በይኝ።"

ልጅቷ የሰማችው አልመሰለኝም። የምታየው እኔን ነው።

"እትዬ" አለችኝ፣ "ቀልድ መሆኑን ሁሉም ያውቁ ነበር?"

"አዎ፣ የኔ ልጅ።"

"እሳቸውም?" በአገጯ የፈረቃ መሪዋን አመለከተች።

"አዎ።"

ትንሽ አሰበች። "ለዚህ ነዋ ሁለት ቁጥር ባዶ የነበረው" አለች።

የፈረቃ መሪዋ እንደ ተመታ ሰው አቀረቀረች። እኔ ቢሮዬ ስለምቀመጥ ይህን አላውቅም ነበር። በዚያ ጠዋት መልእክቱን አንብበው የሳቁት ሴቶች፣ ስቀው ሲያበቁ አንዷ አንድ ቁጥርን፣ ሌላዋ ሦስት ቁጥርን፣ የቀሩት ማጠፊያ ጠረጴዛውን ይዘዋል። ማንም ሁለት ቁጥርን አልነካም። ለልጅቷ አትንኪው ያላትም የለም፤ አውራ ጣቷን ያስቀመጠችው እሷም እንደነሱ ስቃ መስሏቸዋል።

"እኔ እኮ" አለች፤ ድምጿ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፣ ሽሙጥም አልነበረም፤ ቢኖር ይሻለኝ ነበር። "እኔ እኮ መስኮቱ አጠገብ ስለሆነ፣ ነፋስ ስላለው፣ ለኔ የተዋችሁልኝ መስሎኝ ነበር። ለእናቴ ዛሬ ጥሩ ቦታ ለቀቁልኝ፣ ለምደውኛል ብዬ ጽፌላት ነበር።"

ሰብሳቢው ወደ እኔ ዞረው ቀስ ብለው "ጻፊው" አሉኝ። እንዳለችው ጻፍኩት። ከመፈረሙ በፊት መነበብ ነበረበት፤ ወረቀቱን አነሳሁ፣ ድምፄ ግን እምቢ አለኝ። ልጅቷ ቆማ ጠበቀችኝ፣ ጠበቀችኝና ግራ እጇን ዘርግታ ወረቀቱን ተቀበለችኝ። ራሷ አነበበችው።